ርካሹ ትኬት ለማን ረከሰ? «ወጥመድ ነው» ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

በአውሮፓ ከተሞች መካከል ለአጭር ጉዞ ስለሚያገለግሉት ርካሽ አየር መንገዶች የሚባለው ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ፍርድ ላይ ያርፋል። ትኬቱ የሚረክሰው እስኪገዙት ድረስ ብቻ ነው ይባላል። ሻንጣው ለብቻው ይከፈልበታል፤ ከባለቤት ጎን መቀመጥ ያስከፍላል፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት ቼክ ኢን ሳያደርግ ኤርፖርት የደረሰ ይቀጣል፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈውም ስሙ ከተጠራው ከተማ ርቆ፣ አውቶብስ ተሳፍረው በሚደርሱበት ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ከመደበኛው አየር መንገድ ጋር ይተካከላል፤ እንዲያውም ይበልጣል። እንግዲህ ርካሽነቱ ማጥመጃ ነው፤ የተጠመደውም ሰው ደንቡን አላነበበምና ራሱን ይውቀስ።

ይህን አስተያየት የሸማቾች መብት ተሟጋቹ በቁጣ፣ ተራው ተጓዥ በቀልድ፣ አውሮፓ የከረመው የኛ ሰው ደግሞ ለአዲስ መጪ በሚሰጥ ምክር መልክ ይናገረዋል። ሦስቱም የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ትኬቱ በእርግጥ ርካሽ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ማን ሲገዛው ርካሽ እንደሚሆን ነው፤ «ወጥመድ ነው» የሚለው ፍርድ ግን ይህ ጥያቄ ገና ሳይነሳ ይዘጋዋል።

ከሒሳቡ ልጀምር (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአየርላንዱ ራያንኤር በመጋቢት 2025 በተዘጋው የበጀት ዓመቱ 200 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ አጓጉዟል። ጠቅላላ ገቢው 13.95 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ከዚህ ውስጥ 4.72 ቢሊዮኑ ከትኬት ውጭ ከሆነ ነገር፣ ማለትም ከሻንጣ፣ ከመቀመጫ ምርጫ፣ በቅድሚያ ከመሳፈር፣ አየር ላይ ከሚሸጠው ምግብና መጠጥ የመጣ ነው። የገቢው ሲሶ መሆኑ ነው፤ ተቺዎቹ እዚህ ላይ ጣታቸውን ቢቀስሩ አይፈረድባቸውም። ድምሩን በመንገደኛው ቁጥር ስናካፍለው ግን አንድ ሰው ለአንድ በረራ በአማካይ የከፈለው፣ ተጨማሪው ሁሉ ተካቶ፣ 70 ዩሮ ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን። ትኬቱ ብቻውን 46 ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ያተረፈው 1.61 ቢሊዮን ዩሮ በነፍስ ወከፍ 8 ዩሮ ይደርሳል። ሻንጣውም ቅጣቱም ቡናውም ገብቶበት 70 ዩሮ ላይ የሚቆም ዋጋ ርካሽ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በዚያ ላይ መደበኛ የሚባሉት አየር መንገዶችም በአውሮፓ ውስጥ በረራዎቻቸው ያለ ሻንጣ የሚሸጥ ትኬት ካመጡ ቆይተዋል። ተደማምሮ እኩል ይሆናል የሚለው አባባል ለአንዳንድ ተጓዥ፣ በአንዳንድ ቀን እውነት ነው። ለሁሉም የሚሆን ፍርድ ግን አይወጣውም።

ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለማጭበርበር የሚተወው ቦታ ትንሽ ነው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሁለት የአውሮፓ አገሮች መካከል ያለውን መስመር ሁለቱ መንግሥታት በስምምነት ለየራሳቸው አየር መንገድ ያካፍሉት ነበር፤ ዋጋውም በዚያው ስምምነት ጥላ ሥር ይቆረጥ ነበር። በ1986 ራያንኤር ከደብሊን ወደ ለንደኑ ሉተን መብረር ሲጀምር የነባሮቹን የደርሶ መልስ ዋጋ በግማሽ ያህል ሰበረው። እርግጥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ራሱም ሊከስር ደርሶ ነበር። ያዳነው ከአሜሪካ የተቀዳ አሠራር ነው፤ ኋላ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆነው ማይክል ኦሊሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቴክሳስ ሄዶ ሳውዝዌስት የተባለው አየር መንገድ እንዴት እንደሚሠራ አይቶ ተመለሰ። ከጥር 1993 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሦስተኛው የአውሮፓ የአየር ትራንስፖርት ሕግ ጥቅል መስመርንም ዋጋንም ነጻ አወጣ፤ ከሚያዝያ 1997 ወዲህ ደግሞ የአንዱ አገር አየር መንገድ በሌላው አገር ውስጥ ከከተማ ከተማ መሥራት ቻለ። ስቴሊዮስ ሃጂ ኢዮአኑ በ1995 ኢዚጄትን ሲያቋቁም ከሉተን ስኮትላንድ በ29 ፓውንድ ይወስድ ነበር፤ የሽያጭ ስልክ ቁጥሩንም በአውሮፕላኑ ጎን ላይ በትልቁ አስጻፈው። ለጌጥ አልነበረም። ኮሚሽን የሚቆርጠው የጉዞ ወኪል እንዲቀር ነው።

የሥራው ምስጢር ጊዜ ላይ ነው። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ራያንኤር አርፎ፣ አውርዶ፣ አሳፍሮ እንደገና ለመነሳት የመደበው 25 ደቂቃ ነው፤ ይህም አንዱ አውሮፕላን በቀን አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ በረራ እንዲሠራ ያደርገዋል። ጉዞው ከነጥብ ወደ ነጥብ ስለሆነ የትራንዚት መንገደኛ አይጠበቅም፤ የዘገየ ሻንጣ ፍለጋ የለም። የአውሮፕላኑ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት በመሆኑ አብራሪውም መካኒኩም መለዋወጫውም ተመሳሳይ ነው። መቀመጫው ጠበቅ ብሎ ይደረደራል፤ የራያንኤር ቦይንግ 737-800 189 ሰው፣ የሃንጋሪው ዊዝ ኤር ኤርባስ ኤ321ኒዮ 239 ሰው ይይዛሉ። ርካሽ ስለሆነ አደገኛ ነው የሚለውን ሐሜት እዚህ ላይ አልፈዋለሁ። የደኅንነት ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ራያንኤርም ሆነ ኢዚጄት ወይም ዊዝ ኤር አውሮፕላን ተከስክሶባቸው መንገደኛ የሞተበት ታሪክ የላቸውም።

አንድ ነገር ግን ለተቺዎቹ መመስከር አለብኝ። የሻንጣ ክፍያ የዚህ አሠራር መሠረት አይደለም። የሁሉም አባት የሆነው ሳውዝዌስት እስከ ግንቦት 2025 ድረስ ሁለት ሻንጣ ያለ ክፍያ ሲጭን ነው የኖረው፤ ራያንኤርም በአውሮፕላኑ ሆድ ዕቃ ለሚጫን ሻንጣ ማስከፈል የጀመረው በ2006 ነው፤ ያኔ ርካሽ ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ክፍያው «ርካሽነትን የሚያስገኝ ግዴታ» ተብሎ ሲቀርብ ልንጠራጠር ይገባል። ሻንጣ ሲቀንስ የጫኚ ሥራ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። የዋጋው ልክ ግን ከጫኚው ድካም ጋር ሳይሆን ሰውዬው ያለ ሻንጣ መሄድ ከመቻል አለመቻሉ ጋር የተያያዘ ነው።

የወጥመድ አስተያየት በኛ ሰው ዘንድ ለምን እንደሚጥም መረዳት አይከብድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሁለት ሻንጣ በየ23 ኪሎ ስለሚፈቅድ፣ ትኬት ማለት ሰውና ጓዝ አብረው የሚሄዱበት ነገር ነው ብለን ነው ያደግነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ለእገሌ የተላከ ጋቢ። ለእንዲህ ዓይነት መንገደኛ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ቦርሳ ብቻ መፍቀድ ከስድብ አይተናነስም። በዚህ ላይ ቅቤ እንደ ፈሳሽ ተቆጥሮ በብዙ ኤርፖርቶች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ ስለዚህ ቅቤ ለመውሰድ የሆድ ዕቃ ሻንጣ መግዛት ግድ ይላል። የትኬቱ ዋጋ ሳይሆን የቅቤው ጉዞ ነው የሚወደደው።

የኤርፖርቱን ርቀት በተመለከተ ተቺዎቹ አንድ ጊዜ ፍጹም ትክክል ነበሩ። «ፍራንክፈርት» ተብሎ የተሸጠው ሃን፣ የቀድሞ የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር፣ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ፓሪስ የሚባለው ቦቬ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛሬ ግን ኢዚጄት ከለንደን ጋትዊክ፣ ከአምስተርዳም ስኪፖልና ከፓሪስ ሻርል ደ ጎል ይነሳል፤ ራያንኤርም ብራስልስ ዛቨንተምና ማድሪድ ባራኻስ ገብቷል። ሃንን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ በ2021 ከስሯል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የወጥመድ አስተያየት በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ተጓዥ ቅዳሜና እሁድን ባርሴሎና ሊያሳልፍ የሚሄድ ጎብኚ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀኑን መምረጥ ይችላል፤ ውድ ከሆነ ይቀራል፤ ልብሱም በአንዲት ቦርሳ ይበቃዋል። የእነዚህ አየር መንገዶች ትልቅ ሥራ ግን ዘመድ ጥየቃም ነው። ዊዝ ኤር ከፖላንዷ ካቶቪትሴ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በግንቦት 2004፣ ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል በሆነችበት ወር ነው። ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ለአዲሶቹ አባል አገሮች ሠራተኞች በራቸውን ወዲያው ስለከፈቱ፣ የተከተለው ፍልሰት በአውቶብስ ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጀውን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል በረራ ተክቶታል። የኛም ሰው ከዚህ የተለየ አይደለም። የደብሊን ደንብ የሚባለው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛውን አሻራ ከሰጠበት አገር ጋር ስለሚያስር፣ የአንድ እናት ልጆች አንዱ ጣልያን፣ አንዷ ጀርመን፣ ሌላው ስዊድን ተበትነው ቀርተዋል። ለእነዚህ ሰዎች የ40 ዩሮ ትኬት መዝናኛ አይደለም። ቤተሰብ ሆኖ ለመቆየት ያላቸው መንገድ ነው።

ዋጋው ታዲያ እንዴት ይሠራል? ድሮ ነባሮቹ አየር መንገዶች ሀብታሙን ከድሃው የሚለዩት በቅዳሜ ሌሊት ነበር። ርካሹ የደርሶ መልስ ትኬት ቅዳሜን እዚያ ማደር ይጠይቃል፤ በኩባንያ ገንዘብ የሚሄደው ነጋዴ ዓርብ ቤቱ መመለስ ስለሚፈልግ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ርካሾቹ ይህን ደንብ ሰባበሩት። መሄጃውንም መመለሻውንም ለየብቻ ሸጡ፤ በእኔ ግምት ለተጓዥ ካመጡት መልካም ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በቦታው የተተካው መለያ ደግሞ ቀን ነው። ቀድሞ የገዛ በርካሽ፣ ዘግይቶ የገዛ በውድ ይሄዳል።

ቀን ግን ለሁሉም እኩል አይታወቅም። ሠርግ በስድስት ወር ይቆረጣል፤ ክርስትናም ቀኑ የታወቀ ነው። የፋሲካው ነገር እንዲያውም ለኛ ያደላል፦ በ2024 እንደሆነው የኛ ፋሲካ ከምዕራባውያኑ አምስት ሳምንት ሲዘገይ ገበያው ረግቶ ትኬት ይረክሳል፤ በ2025 እንደሆነው በአንድ ቀን ሲውሉ ደግሞ ከሁሉም ጋር ይሻማሉ። ሞት ግን ቀን አይሰጥም። ለሠልስቱ የሚደርስ በውድ ይገዛል፤ ለአርባው የሚሄድ በርካሽ ያገኛል። አየር መንገዱ ለቅሶተኛውን ሊጎዳ ብሎ ያደረገው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው ነገ ለመብረር ዛሬ የሚገዛ ሰው የግድ የሚሄድ መሆኑን ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን መቀመጫዎች ዋጋ የሚሰቅለውም ይህ ስሌት ነው። እዚህ ላይ «ደንቡን ያነበበ አይጠመድም» የሚለው ምክር ምን ይረባል? ወንድሙ የሞተበት ሰው ያላነበበው ምን አንቀጽ አለ?

ስምም እንዲሁ ነው። ቅጹ የግል ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የኛ አሰያየም ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ አንዳንዱ ስም እንደ ኃይለ ሥላሴ ሁለት ቃል ሆኖ አንዳንዴ ተነጥሎ፣ አንዳንዴ ገጥሞ ይጻፋል። በላቲን ፊደልም የወንድማማቾች የአባት ስም እንኳ በሁለት ፓስፖርት ሁለት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ትኬቱ ከፓስፖርቱ ካልገጠመ ጥቂት ፊደል ማረም ብዙውን ጊዜ በነጻ ይቻላል፤ ስሙን ሙሉ ለሙሉ መለወጥ ግን ከትኬቱ የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል። አንድ ስዊድናዊ ይህን ክፍያ ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል።

ወረቀቱ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በራያንኤር ደንብ የአውሮፓ ኅብረት ወይም የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና ዜጋ ያልሆነ መንገደኛ ወደ ፍተሻ ከመግባቱ በፊት የጉዞ ሰነዱን በኩባንያው መስኮት ማሳየት አለበት። ቼክ ኢን ቢያደርግም፣ ሻንጣ ባይኖረውም። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘ ሰው ርካሹ ትኬት የተመሠረተበትን ነገር፣ ማለትም ማንንም ሳያናግሩ በቀጥታ ወደ በሩ መሄድን አያገኝም። ሰነዱ የሚታይበት መስኮት በረራው ከመነሳቱ አስቀድሞ ይዘጋል፤ ሰልፉ ረዥም በሆነ ቀን ይህ ሰው ከሌላው ቀድሞ ከቤቱ መውጣት አለበት። በትኬቱ ላይ ጎኑ ከሚቀመጠው ጀርመናዊ ጋር ያንኑ 30 ዩሮ ከፍሏል። ልዩነቱን የሚከፍለው በጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ የወጥመድ ተቺዎች በሚሠሩት የክፍያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ዋጋውን በመንገደኛው ቦታ ሆነው የሚከፍሉ ሌሎችም አሉ። የአየርላንድ ውል ተሰጥቷቸው ቤልጅየም ውስጥ ሻርለርዋ ላይ ሲሠሩ የነበሩ የበረራ አስተናጋጆች ሥራቸውን በሚያከናውኑበት አገር ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችሉ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ያረጋገጠላቸው በመስከረም 2017 ነው፤ ራያንኤርም ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበራትን ዕውቅና ለመስጠት የተስማማው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። እዚያው ሻርለርዋ ላይ የዋሎን ክልል ለአየር መንገዱ ያደረገው ቅናሽ ሕገ ወጥ ድጎማ ነው አይደለም በሚል የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ወሰነ፤ ፍርድ ቤት በ2008 ሻረው፤ ኮሚሽኑ በ2014 እንደገና ወሰነ። በነዳጅ በኩል በመኪናው ላይ ግብር የሚከፍል አውሮፓዊ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ ግብር ያልተከፈለበት ነዳጅ ነው የሚያቃጥለው፤ በ2003 የወጣው የኅብረቱ የኃይል ግብር መመሪያ የንግድ አውሮፕላኖችን ነዳጅ ነጻ አድርጎታልና። ይህኛው ግን የርካሾቹ ብቻ ጥቅም አይደለም፤ መደበኛ የሚባሉትም እኩል ይጠቀማሉ። ስለዚህ «ርካሹ ትኬት የሐሰት ዋጋ ነው» የሚል ሰው እውነተኛ ማስረጃ የሚያገኘው ከሻንጣው ክፍያ ይልቅ እዚህ ነው። አብዛኛው ተቺ ግን እዚህ ድረስ አይመጣም፤ ምክንያቱም ክርክሩ እዚህ ሲደርስ ትኬቱ ውድ ሳይሆን ከሚገባው በላይ ርካሽ ነው ወደሚል መደምደሚያ ይወስደዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2008 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 1008 ማስቀረት የማይቻል ክፍያ ሁሉ ከመጀመሪያው በተገለጸው ዋጋ ውስጥ እንዲካተት ያዛል። በ2014 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቩሊንግ አየር መንገድ ጉዳይ ላይ በሆድ ዕቃ ለሚጫን ሻንጣ ማስከፈል እንደሚቻል፣ የእጅ ሻንጣ ግን መጠኑና ክብደቱ ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ የጉዞው አስፈላጊ አካል በመሆኑ ተጨማሪ ሊከፈልበት እንደማይገባ አስረዳ። «ምክንያታዊ» ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ግን አልተናገረም። ስፔን በኅዳር 2024 አምስት አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣችው ከሌሎች ነገሮች ጋር በዚህ ምክንያት ነው፤ ኩባንያዎቹም ቅጣቱን ተቃውመዋል። የሸማቾች ተሟጋቾች ይህን ውጊያ እንደ ዋና ግንባር ይዘውታል፤ ቢያሸንፉ ደስ ይለኛል። ሆኖም የቦርሳው መጠን በአሥር ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ዋጋው ለሁሉም በትንሽ በትንሹ ይጨምራል፤ ለቅሶተኛውና ሰነድ አሳዪው ባሉበት ይቀራሉ።

እነዚህን ሰዎች የሚመለከተው ክርክር ብዙም ወሬ ያልሆነው የደንብ ቁጥር 261 ክርክር ነው። ይህ በ2004 የወጣ ደንብ፣ በ2009 ፍርድ ቤቱ እንደተረጎመው፣ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር በሚደርስ በረራ መድረሻው ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለዘገየ መንገደኛ፣ መዘግየቱ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ልዩ ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ 250 ዩሮ ካሣ ያስከፍላል። ትኬቱን በ20 ዩሮም ይግዛው በ200 ካሣው ያው ነው። አየር መንገዶቹ ካሣው ከትኬቱ አምስት እጥፍ ይሆናል እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን ስለ አጭር በረራ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ሰው ቦታው በሰዓቱ መድረስ ለእሱ ምን እንደሚያወጣ በትኬቱ ዋጋ ሳይለካ የሚያይ ሌላ አላውቅም። በሰኔ 2025 የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች ምክር ቤት እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር ለሚደርሱ በረራዎች ካሣው 300 ዩሮ እንዲሆን፣ የመዘግየቱ ገደብ ግን ከሦስት ሰዓት ወደ አራት እንዲያድግ ተስማማ፤ የአውሮፓ ፓርላማ ደግሞ ሦስቱ ሰዓት እንዲጸና አቋም ያዘ። የምክር ቤቱ ሐሳብ ቢጸድቅ፣ በሦስት ሰዓት ተኩል መዘግየት ቀብር ያመለጠው ሰው ዛሬ የሚያገኘውን 250 ዩሮ አያገኝም።